ዓለማየሁ እሸቴና የልጆቻችን ፀጉር
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ፤ አረካ)



ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በ80 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ዛሬ ስሙን የምናነሣው ሙት ለማወደስ ብቻ አይደለም። በልጆቻችን ፀጉርና ልብስ ምክንያት በየቤቱ የሚነሣው ጭቅጭቅ ስለ በዛ፣ የእርሱ ሕይወት ለወላጅም ለልጅም የሚነግረን ነገር አለ ብለን ስላመንን ነው።

ዓለማየሁ በ1933 ዓ.ም. ደሴ ተወልዶ አዲስ አበባ አደገ። ከልጅነቱ የአሜሪካን ፊልም ወዳጅ ነበር። የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈን ያንጎራጉራል፣ ፀጉሩን እንደ እርሱ ያበጥራል፣ ኮሌታውን ያቆማል። ይባስ ብሎም ሆሊውድ እገባለሁ ብሎ ከቤት ጠፍቶ እስከ ምጽዋ ወደብ ደረሰ! መርከብ ሳይሳፈር ወሬው እናቱ ዘንድ ደርሶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እስቲ አስቡት፤ የዛሬ ልጅ እንዲህ ቢያደርግ ምን እንለዋለን? «ዱርዬ» ብለን እንጨርሰው ነበር።

ታዲያ ያ ልጅ የት ደረሰ? ኮሎኔል ረታ ደመቀ ችሎታውን አይተው ፖሊስ ኦርኬስትራ አስገቡት። እዚያ ሲዘፍን መድረኩ የሚጠበው፣ አለባበሱ የሚያብረቀርቅ፣ ሲጨፍር ወገቡ የሚፈታ ሰው ሆነ። «የኢትዮጵያ ኤልቪስ»፣ «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» ተባለ። ከፒያኖ ተጫዋቹና ከዜማ አቀናባሪው ከግርማ በየነ ጋርም «ዓለም ግርማ» የተባለውን ባንድ አቋቋመ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። እርሱ ራሱ እንደ ተናገረው፣ እንግሊዝኛውን ሲዘፍን ሰው ይወደው ነበር፤ ዝናው ከፍ ያለው ግን በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር ነው። ልብሱ የውጭ ነበር፣ ልቡና ቋንቋው ግን የአገሩ። ወጣቶች፣ ይህቺን ያዙልን።

ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ዘመን ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ግን በ1969 እ.ኤ.አ. ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፤ ለሕዝብ ካቀረባቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የዓለማየሁ «ትማርኪያለሽ» ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊቱ ሙዚቃ ቀዘቀዘ፣ አምሃም ከአገር ወጣ። ያ ሁሉ ድምፅ ጠፍቶ በቀረ ነበር። ያተረፉት እነዚያ ሸክላዎች ናቸው። ፈረንሣዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሰባስቦ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ሲያወጣቸው፣ 9ኛው ሙሉ በሙሉ የዓለማየሁ ሆነ። በ2008 እ.ኤ.አ. ዓለማየሁ ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር መድረክ ላይ ቆሞ ዘፈነ። አሜሪካ በልጅነቱ እንዳሰበው ከቤት ጠፍቶ ሳይሆን ተጠርቶ፣ ተከብሮ ገባ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንውሰድ?

ወላጆች ሆይ፣ ፀጉር ያድጋል፣ ይቆረጣል። ልጁ በእጁ ምን እንደሚሠራ፣ ማታ የት እንደሚያመሽ እንጠይቅ እንጂ በኮሌታው ምክንያት ከቤት አናስወጣው። የዓለማየሁ እናት ልጃቸውን ከምጽዋ መንገድ መለሱት እንጂ «ሂድና ቅር» አላሉትም።

ወጣቶች ሆይ፣ ማጌጥ ነውር የለውም፤ ግን ጌጡ ሥራ ይከተለው። ዓለማየሁ መድረክ ላይ ያበራው ልምምዱን ስለ ሠራ ነው።

ሁላችንም ደግሞ፣ በወላይትኛ የሚያዜሙ ሽማግሌዎችና እናቶች በየቤታችን አሉ። የጊፋታውን፣ የሠርጉን፣ የለቅሶውን ዜማ ያውቃሉ። ሸክላም ካሴትም የላቸው! ነገ ሲያልፉ አብሯቸው ይቀበራል። ዛሬ ግን በየኪሳችን መቅረጫ ያለው ስልክ አለ። ስለዚህ ማኅበራችን የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ በሚቀጥለው ጊፋታ እያንዳንዱ ወጣት ከአንድ አዛውንት አጠገብ ተቀምጦ አንድ ዜማ ይቅረጽ፣ የዘፋኙን ስምና የዜማውን ትርጉም ጽፎ ለማኅበሩ ያምጣ። ፀጉሩ ቢረዝምም ባይረዝምም አንጠይቀውም።

የዓለማየሁን ነፍስ ፈጣሪ ይማርልን። በሕይወት ያሉትን ደግሞ ሳይሞቱ እንስማቸው።