ከመውጣትህ በፊት

 

ዛሬ የማወራው ላንተ ነው፤ «ሠራተኛ ሊቀነስ ነው» የሚል ወሬ ሰምተህ እንቅልፍ ላጣኸው። ወሬውን አትናቀው። በ2012 ኮሮና ሲገባ የአበባው ገበያ ወደቀ። በ2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ስንቱ የፕሮጀክት ሠራተኛ ሳያስበው ቤቱ ገባ!

በሉቃስ 16 ያለውን መጋቢ አስታውስ። ከሥራ እንደሚወጣ ሲያውቅ ቁጭ ብሎ አሰበ። የተመሰገነው ስለ ማጭበርበሩ አይደለም፤ ጊዜ ሳለ ስላሰበ ነው።

እኔም ወደ አገልግሎት ሳልገባ ከሥራ ተቀንሻለሁ። «ጌታ ያውቃል» ብዬ የቀረልኝን የዓመት ፈቃድ ሳልጠይቅ፣ የሥራ ልምድ ወረቀት ሳልቀበል ወጣሁ። መንፈሳዊነት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኩራት ነው። በሦስተኛው ወር የቤት ኪራይ ከእናቴ መቀነት ተፈታ።

ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ በስውር ውጣ ሲባል እሺ አላለም። ሮማዊ መሆኑን ተናግሮ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ። መብትን መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም!

እንግዲህ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብብ፤ ካልገባህ የሚያውቅ ጠይቅ። ቋሚ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የ2 ወር ማስጠንቀቂያ፣ የስንብት ክፍያ፣ በላዩም የ60 ቀን ደመወዝ አለው። ያልወሰድከው ፈቃድ በገንዘብ ይከፈልሃል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም በነጻ ይሰጥሃል። የጡረታ መዋጮህ፣ ካንተ 7 ከመቶ፣ ከአሠሪህ 11 ከመቶ፣ በስምህ መግባቱን አጣራ። መሥሪያ ቤትህ ሕክምና የሚሸፍን ከሆነ፣ «ነገ» ስትል ያቆየኸውን የሚስትህን ሕመም ዛሬ አሳክም።

ግን ስማኝ ወንድሜ። ያልታመምክበትን ደረሰኝ አታቅርብ። ሳትሄድ የመስክ አበል አትፈርም። «ሁሉም እየወሰደ ነው» ብለህ የቢሮውን ዕቃ ወደ ቤትህ አታሽሽ። የሚገባህን ሳታፍር ተቀበል፤ የማይገባህን ጠረጴዛው ላይ ተወው። የመጨረሻውን ወር እንደ መጀመሪያው ወር ሥራ። ልጆችህ የሚበሉት እንጀራ በረከት ያለበት ይሁን።

ደግሞም ሁላችንም የምንወጣበት ሌላ በር አለ። ለዚያኛው የ2 ወር ማስጠንቀቂያ የለም። ለሥራህ እንዲህ ካሰብክ፣ ለነፍስህስ? ኢየሱስ ዛሬ ይቀበልሃል። ና!

ጌታ ይባርክህ። አሜን።