የአውሮፕላን የኦክስጅን ሲሊንደር በግል ሃንጋር ስለ መሙላት

(ዲላ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእሰ ነገር ለዲላ ሰሚ እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። የጌዴኦ ሰው በአውሮፕላን ለመሄድ ሲያስብ ወደ ሐዋሳ ይወጣል እንጂ በደጁ ሃንጋር የለውም። ይሁን እንጂ የተወለድሁበት የሬኮ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ ስለ አየር መሳሳት መናገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚህም ሌላ የንግግሬ ፍሬ ነገር፣ ይኸውም አንድ ዕቃ ቀደም ሲል ምን እንደ ያዘ ሳይታወቅ ሊሞላ አይገባም የሚለው፣ በቡና አገር ላደገ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። የሬኮ ገበሬ ነዳጅ በነካው ጆንያ ቡና አይጭንም። ጆንያው ታጥቦና ፀሐይ መቶት ንጹሕ ቢመስልም ሽታው በቀማሹ ምላስ ላይ ይጋለጣል።

በመሠረቱ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይለወጥም፤ ምንጊዜም 21 በመቶ ያህል ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። በ5500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ግማሽ ያህል ይሆናል። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወደ ውስጥ አየር ስለሚያምቁ፣ የተሳፋሪው ክፍል ከ2400 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ እንዳለ ሆኖ አይሰማም። (የቦሌ ማረፊያ ራሱ ከ2300 ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ያገራችን ዋና ከተማ ነዋሪ ቤቱ ተቀምጦም የሚተነፍሰው በበረራ ላይ እንዳለ መንገደኛ ነው ማለት ይቻላል።) በግል ሃንጋር የሚያድሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ግን ብዙዎቹ ይህ የማመቂያ መሣሪያ የላቸውም። አብራሪው የሚተነፍሰው የውጭውን አየር ነው።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በአባሪ 6 ያስቀመጠው ደንብ ግልጽ ነው። የአየሩ ግፊት ከ700 ሄክቶፓስካል በታች ሲወርድ፣ ማለትም ከ3000 ሜትር ገደማ በላይ፣ በዚያ ከ30 ደቂቃ አልፎ ለሚቆይ ጊዜ ለበረራ ሠራተኞች በሙሉና ለመንገደኞች 10 በመቶ የሚበቃ ኦክስጅን መያዝ ግዴታ ነው። ግፊቱ ከ620 ሄክቶፓስካል በታች ከሆነ፣ ማለትም ከ4000 ሜትር ገደማ በላይ፣ ኦክስጅኑ ለተሳፈረው ሰው ሁሉ መድረስ አለበት። እንግዲህ ከእኛ በስተምሥራቅ ያለውን የባሌን ተራራ እናስብ። ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው። በተራራማ አገር በመሣሪያ የሚበር አብራሪ ከጫፉ በላይ ቢያንስ 600 ሜትር ይጨምራል። ስለሆነም ወደ 5000 ሜትር ይደርሳል። ሕመምተኛ ጭኖ በዚያ የሚያቋርጥ አነስተኛ አውሮፕላን ያለ ኦክስጅን ሊነሣ አይገባውም።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማው መከራከሪያ አለ፤ «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ የለመድነው ነው» የሚል። መከራከሪያው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያን ተመርምረው፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። ነገር ግን የተመረመሩት በዚያው ከፍታ የሚኖሩ ናቸው፤ በ1570 ሜትር ገደማ በምትገኘው ዲላ ያደገ አብራሪ የእነርሱን ደም አልወረሰም። እነርሱም ቢሆኑ 5000 ሜትር ላይ አልተፈተኑም። ኦክስጅን ያጠረው አእምሮ ደግሞ የመጀመሪያው ምልክቱ ደስታና በራስ መተማመን መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ሰውዬው መሳሳቱን አያውቅም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2005 በሄሊዮስ አውሮፕላን ግሪክ ውስጥ ላለቁት 121 ሰዎች ምክንያቱ ይኸው የኦክስጅን እጥረት ነበር።

አሁን ወደ ሃንጋሩ እንግባ። ሲሊንደሩ ጎድሏል፣ ሞይው ሩቅ ነው፣ በረራው ነገ ጧት ነው። በአቅራቢያ ሆስፒታል አለ፣ ብየዳ ቤትም አለ። «ያው ኦክስጅን አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

መልሱ ከሚጠበቀው ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። አየርን አቀዝቅዞ ፈሳሽ በማድረግ የሚያመርት ፋብሪካ ለአውሮፕላን፣ ለሆስፒታልና ለብየዳ የሚያወጣው ከአንድ ጋን ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከጋኑ ከወጣ በኋላ ይጀምራል። የአውሮፕላን ኦክስጅን ንጽሕናው ቢያንስ 99.5 በመቶ፣ የጤዛ ነጥቡም ከዜሮ በታች 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲሆን ይፈለጋል። ጋዙ ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ሲሰፋ ስለሚቀዘቅዝ፣ ጥቂት እርጥበት እንኳ ሬጉሌተሩ ውስጥ በረዶ ሆኖ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። የብየዳ ቤት ሲሊንደር ችግሩ ሌላ ነው። አሲታይሊን ወደ ኋላ ተመልሶ ገብቶበት እንደሆነ ማን ያውቃል? ጆንያው ነዳጅ ነክቶት ይሆናል።

የሆስፒታሉም ነገር በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት የኦክስጅን ነገር የመላው ዓለም ጭንቀት ከሆነ ወዲህ፣ አየርን በዚዮላይት አጣርተው በግቢያቸው የሚያመርቱ መሣሪያዎች በየሆስፒታሉ እየተተከሉ ነው። ይህ እጅግ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች የሚሰጡት ከ90 እስከ 96 በመቶ የሆነ ኦክስጅን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው አርጎን ነው። በ5000 ሜትር ላይ ሦስት ወይም አምስት በመቶ መጉደሉ ብቻውን አብራሪውን ይጥለዋል ብዬ ላስፈራራችሁ አልፈልግም፤ አይጥለውም። የሚያሳስበኝ እርጥበቱና ምንጩ አለመመዝገቡ ነው። ከዚያም በላይ፣ ከዎርድ የተወሰደ ሲሊንደር ከአንድ ሕፃን አፍንጫ ላይ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ይህንን ለመናገር መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

አሞላሉን በሚመለከት፣ ለግል ሃንጋር የሚስማማው ተራ በተራ መሙላት ነው። ባለ 50 ሊትር ሦስት ትልልቅ ሲሊንደሮች አሉ እንበል፤ አንደኛው 60፣ ሁለተኛው 110፣ ሦስተኛው 150 ባር ይዘዋል። የአውሮፕላኑ ባለ 3 ሊትር ሲሊንደር 20 ባር ቀርቶታል፣ ሙሉ የሚባለውም 127 ባር ላይ ነው። መጀመሪያ ከ60ው ጋር ሲገናኝ ሁለቱ በ57.7 ይተካከላሉ፤ ቀጥሎ ከ110ሩ ጋር በ107። ከ150ው የሚፈለገው ቀሪው 20 ባር ብቻ ይሆናል። እርሱም ወደ 148.8 ይወርዳል። ቸኩሎ በቀጥታ ከ150ው የሞላ ሰው ግን ወደ 143.6 ያወርደዋል። በጥቂት ሙሌት ውስጥ 127 የሚያደርስ ሲሊንደር አይኖረውም፣ ከታች ያለው ጋዝም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ቫልቭን በድንገት መክፈት ነው። ኦክስጅን ከተራ የአየር ግፊት በቅጽበት ወደ 150 ባር ቢታመቅ፣ ሙቀቱ በስሌት ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በመገጣጠሚያው ላይ የግሪስ ጣት ያረፈበት ምልክት ካለ ይነድዳል፤ ነሐስ ባልሆነ ብረት ላይ እሳቱ ብረቱን ራሱን ሊይዘው ይችላል። ሞተር የሚፈታበት ጠረጴዛ፣ በዘይት የራሰ ቱታ፣ የሞተር መፍቻ ሳይቀር ከሙሌት ክፍሉ ውጭ ይቀራሉ። ኦክስጅን የተነፈሰበት ልብስም ለብዙ ደቂቃ እሳት ይወዳል፤ ሲጋራ ያማረው ሰው ልብሱን አናፍሶ ይጠብቅ።

ሲሊንደሩ ራሱም ዕድሜ አለው። 3ኤኤ የሚል ምልክት ያለበት በየ5 ዓመቱ በውኃ ግፊት ይፈተሻል። ቀለል ያለው 3ኤችቲ በየ3 ዓመቱ ይፈተሻል፤ ከ24 ዓመት ወይም ከ4380 ሙሌት በኋላ ይጣላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 2008 ከሆንግ ኮንግ ወደ ሜልቦርን ይበር በነበረ የካንታስ ቦይንግ 747 ላይ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ፈንድቶ የአውሮፕላኑን ጎን በስቶታል። አውሮፕላኑ ማኒላ በሰላም አረፈ፣ የተጎዳ ሰውም አልነበረም። ሲሊንደሩ ግን ከአውሮፕላኑ ወጥቶ ስለ ጠፋ መርማሪዎቹ ምክንያቱን አረጋግጠው ሊናገሩ አልቻሉም። ያ ታላቅ አየር መንገድ ሙሉ የጥገና ክፍል ያለው ነው።

ከዚህ በመነሣት የግል ሃንጋር ጭራሹን እንዳይሞላ ይከልከል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ክልከላው ሥራውን አያስቀረውም፤ ወደ ሌሊትና ወደ ብየዳ ቤት ይገፋዋል እንጂ። ይልቁንስ በፈቃድ ይሙላ፤ ምንጩ የምስክር ወረቀት ይኑረው፤ ትልልቆቹ ሲሊንደሮች ለዚሁ ብቻ የተለዩ ይሁኑ፤ አንዳቸውም እስከ ባዶ አይሟጠጡ፣ ጥቂት ግፊት ካልቀረ እርጥብ አየር ይገባልና። ያለ ግፊት የተገኘ ሲሊንደር ተፈትሾና ታጥቦ እንጂ በቀጥታ አይሞላ።

መዝገብም ይያዝ። ማን ሞላው፣ ከየትኛው ሲሊንደር፣ የመጨረሻው ፍተሻ መቼ ነበር፣ ስንት ባር። ከግፊቱ ጎን የሙቀት መጠኑም ይጻፋል፤ ምክንያቱም በመሙላት ግሎ 45 ዲግሪ ላይ 127 ባር ያሳየ ሲሊንደር፣ 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 117 ይወርዳል። አብራሪው ጧት ጌጁን ሲያይ ጋዝ ሾልኮብኛል ብሎ ይደናገጣል፣ ወይም ይባስ ብሎ ሌላ ጊዜ እውነተኛውን መሹለክ «ቀዝቅዞ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስለሆነም ንባቡ የሚወሰደው ሲሊንደሩ በእጅ ሲዳሰስ ከክፍሉ አየር ጋር እኩል ሆኖ ሲገኝ ነው።