አውሎ ነፋስ ሳይመጣ
(በጠረፍ ከተሞች ለሚያገለግሉ ሠራተኞችና ምእመናን የተደረገ ንግግር)



እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው ሃሪኬን ሲመታ፣ የኒው ኦርሊንስ የጎርፍ መከላከያ ግድቦች ተደርምሰው የከተማይቱ 80 በመቶ በውኃ ተጥለቀለቀ። ከተማይቱን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ የወጣው በዋዜማው ነበር። መኪና ያለው አብዛኛው ሄደ፤ መኪና የሌለው፣ የታመመውና አቅመ ደካማው ቀረ። በሉዊዚያና ከሞቱት ግማሽ ያህሉ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ነበሩ። የአያቶቻችን ዕድሜ ማለት ነው።

በ2013 በከተማይቱ 17 ስፍራዎች እጃቸውን ወደ ላይ ያነሡ የብረት ሐውልቶች ቆሙ፤ መኪና የሌለው ከዚያ እንዲሳፈር ነው። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከአልጋዋ መነሣት የማትችለውን መበለት እስከዚያ ማን ያደርሳታል? መኖሯን የሚያውቁት ጎረቤትና ጉባኤ ናቸው። እንግዲህ ወሬው በራዲዮ ሳይሰማ፣ ማን እንደሚወስዳት፣ መድኃኒቷንም ማን እንደሚይዝላት አሁኑኑ በስም ጽፋችሁ ያዙ።