የጦስኝ ሻይ ጥቅምና የአለቃቀሙ ጉዳይ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ በዓል ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል፤ መነገርም አለበት። የዚህ ንግግር ርእስ ግን በማኅበራት የግዥ መዝገብ ላይ ስሙ እምብዛም የማይገኝ፣ በደጋው አካባቢ ግን ከየቤቱ በራድ የማይጠፋ ቅጠል ነው፤ እሱም ጦስኝ ነው።

ጦስኝ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ግንዱ እንጨት መሰል፣ ቅጠሉ ጥቃቅን የሆነ፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። ከብት ሲረግጠው ሽታው ከሩቅ ይሰማል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ጀምሮ አስታና ጅባራ እስከሚበቅሉበት ውርጭ ድረስ፣ በድንጋያማ ሜዳና በገደል አፋፍ ይገኛል። መንዝ፣ ጣርማ በር፣ አንኮበር፣ እንዲሁም የባሌና የሰሜን ተራሮች የታወቁ አገሮቹ ናቸው። የዕፅዋት ባለሙያዎች በሁለት ዝርያ ከፍለው ቲመስ ሺምፐሪና ቲመስ ሰሩላተስ ይሏቸዋል። የሁለቱም የተፈጥሮ መገኛ ደጋው ነው፤ ቆላ አይወዱም።

አገልግሎቱን ለዚህ ጉባኤ መዘርዘር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። ሻይ ቅጠል በሌለበት ቤት ጦስኝ ብቻውን ይፈላል፤ ባለበት ቤት ደግሞ ለሽታው ጣል ይደረጋል። ደርቆ ከበርበሬና ከሽሮ ቅመም ጋር ይፈጫል። ጉንፋን የያዘው ሰው ይጠጣዋል፣ እንፋሎቱንም ይታጠነዋል። አበባው ለንብ ቀሰም ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። በዘይቱ ውስጥ ከሚገኙት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች ሁለቱ ቲሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ፤ ተሐዋስያንን የማዳከም ኃይል አላቸው። ቲሞል በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒቶች ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ሆኖም ይህ ዘይት በሙቀት በቀላሉ የሚተን ነው። በብዙ ቤት የሚታየው ጥፋትም እዚህ ላይ ነው፤ ጦስኙ ክዳን በሌለው ድስት ለረጅም ጊዜ ይንተከተካል። ቤቱ ሲያውድ ደስ ይላል፤ ያ ሽታ ግን ከብርጭቆው የሸሸ ነው። የሚሻለው ውኃውን ለብቻው አፍልቶ፣ በሦስት ጣት ተቆንጥሮ በተጨመረ ደረቅ ጦስኝ ላይ ማፍሰስ፣ ወዲያው መክደን፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አቆይቶ ማጥለል ነው። ስኳር የግድ አይደለም። ማር ካለ መጠጡ ለብ ሲል ይጨመር።

ይሁንና ስለ ጦስኝ የሚነገረው ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። ጉሮሮው የሚከረክረው፣ አክታ ያስቸገረው ሰው ትኩሱን ሲጠጣ ቀለል ይለዋል። ይህን እናቶች ከጥንት ያውቁታል፤ የጦስኝ ዘመድ የሆነው ታይምም በአውሮፓ በሳል ሽሮፕ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ሳሉ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ በጦስኝ አይድንም፤ ጦስኝ እየጠጡ ሲጠብቁ በሽታው ለቤተሰብ ይተርፋል። ደም ግፊትን ያወርዳል የሚባለውም በላብራቶሪ አይጦች ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጪ ነገር ታይቶበታል፤ ሆኖም የታዘዘለትን ኪኒን ትቶ ወደ በራዱ የሚዞር ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል። ነፍሰ ጡር ሴት በጣም የወፈረውን ጦስኝ፣ ይልቁንም ዘይቱን፣ መተው አለባት። የደም ማነስ ያለበት ሰው ማንኛውንም ሻይ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግብ ርቆ ቢጠጣ ይመረጣል፤ ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካልና። ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ጦስኝም ሆነ ውኃ አያስፈልገውም፤ ማርም አንድ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም።

በከተማ ሱቆች በትንንሽ የወረቀት ከረጢት ታሽጎ የሚሸጥ ካሞሚል የሚባል ሻይ አለ። አበባው ደርቆ የሚጠጣ ሲሆን፣ መንፈስን በማረጋጋትና እንቅልፍን በማቅረብ ይታወቃል። ለጭንቀት መጠነኛ እፎይታ እንደሚሰጥ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ከዚህ ሻይ የሚወሰደው ትምህርት ግን በጥቅሙ ላይ ሳይሆን በአመራረቱ ላይ ነው። በግብፅ፣ በተለይ በፋዩም አካባቢ፣ ገበሬዎች ካሞሚልን በማሳቸው ይዘሩታል፤ አበባውን በእጅ ለቅመው፣ አድርቀው ለውጭ ገበያ ያቀርባሉ። ተክሉ የአንድ ወቅት ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት መልሰው ይዘራሉ። ካሞሚል በዚህ መንገድ ሰብል ሆኗል። ጦስኝ ግን ዛሬም በአብዛኛው ከዱር የሚለቀም ነው፤ ማንም አልዘራውም፤ ስለዚህ ማንም እንደራሱ ሀብት አይቆጥረውም።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ለቃሚዎቹ ባብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። ገበያ ላይ ጦስኝ የሚሸጠው በእስር ወይም በእፍኝ እንጂ በሚዛን አይደለም። እስሩ ትልቅ መስሎ እንዲታይ፣ ሥራውም እንዲፈጥን፣ ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል። ሥሩ በራድ ውስጥ አይገባም፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ይጥለዋል። በተራራው ላይ ግን ያ ተክል ተመልሶ አያቆጠቁጥም። ባዶ የቀረውን መሬት ደግሞ የክረምት ጎርፍ ያገኘዋል። በዲንሾ በኩል በባሌም ሆነ በሰሜን ሸዋ ጦስኝ ለመልቀም ከመንገድ ዳር እየራቁ መሄድ የግድ የሆነበት ቦታ አለ። በቅርብ ይገኝ የነበረው አልቋልና። ቅጠሉን ብቻ በማጭድ ወይም በመቀስ፣ ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍ አድርጎ መቁረጥ ያንኑ ሻይ ያስገኛል፤ ተክሉም ይተርፋል። ልዩነቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለቃሚዋ ያንን ደቂቃ እንድትሰጥ ግን ገበያው ዋጋ ሊከፍላት ይገባል። በእስር የሚገዛ ነጋዴ ይህን አይከፍልም።

ዱርን በተራ እየዘጉና እየከፈቱ መጠቀም ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሣር ለብዙ ትውልድ የተጠበቀው በቄሮ ሥርዓት ነበር፤ አካባቢው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በበጋ በስምምነት ተከፍቶ ይታጨዳል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ መልሶ ጥበቃውን አቋቁሟል። ለጦስኝም እንዲሁ የቀበሌው ሽማግሌዎችና ማኅበሩ ተስማምተው አንዱን ተራራ በዚህ ዓመት፣ ሌላውን በሚቀጥለው ቢከፍቱ የሚከለክላቸው የለም። በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ያለው ግን በፓርኩ ደንብ እንጂ በማኅበር ውሳኔ አይለቀምም፤ ይህ ከአሁኑ መታወቅ አለበት።

ከዱሩ ጎን ለጎን ማልማትም ይቻላል። መሬት የነካው የጦስኝ ቅርንጫፍ ሥር ያወጣል፤ ያንን ቆርጦ በእርከን ዳርና በጓሮ መትከል ብዙ ድካም የለውም። ውኃ የሚቋጥር መሬት ግን አይስማማውም። የሚቆረጠው አበባ ማውጣት ሲጀምር ነው፤ ለንብና ለዘር የሚሆን ሳይቆረጥ ይተዋል።

የማድረቁ ነገር ከለቀማው አያንስም። እርጥቡን ጦስኝ በጆንያ ጠቅጥቆ ማሳደር ያሻግተዋል። በፀሐይ ማስጣትም ቀለሙንና ሽታውን ይወስደዋል። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ፣ በሰሌን ወይም በቆጥ ላይ ስስ አድርጎ ማስጣት፣ በጣት ሲፈተግ ቅጠሉ ከእንጨቱ ሲለይ በወንፊት ማበጠር ይበቃል። ማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ከረጢት ቢታጠብም ለሚጠጣ ነገር አይውልም። ይህ በየመጋዘኑ በር ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ የሚበዛ አይደለም።

ዩኒየኑ እዚህ ላይ ይገባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በተተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የአባላትን ምርት ሰብስቦና እሴት ጨምሮ የመሸጥ መብት አላቸው። ጦስኝ በኩንታል ከጤፍና ከስንዴ ጋር አይወዳደርም፤ እንዲያ የሚል ካለ አባሉን ያታልላል። መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና የቤተሰብ ኃላፊ ለሆኑ ሴቶች ግን በበጋ ወራት እጅ ላይ የሚገባ ገንዘብ ነው። ታሽጎ ለገበያ ሲቀርብ የምግብ ምርት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በማሸጊያው ላይም «ደም ግፊትን ያድናል» የሚል ቃል መኖር የለበትም፤ የተለቀመበት አካባቢ፣ የታሸገበት ቀንና የአፈላሉ መመሪያ ይበቃል። የተክሉን ዘር ወይም ችግኝ ለምርምር ወደ ውጭ ለመውሰድ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ መያዙን መጠየቅ የወረዳው ኃላፊዎች ሥራ ነው።

መሠረታዊ ማኅበራቱ ከሚመጣው በጋ ጀምሮ ጦስኝን በእስር ሳይሆን በኪሎ፣ ደርቆና ተበጥሮ፣ ቅጠሉን ብቻ ይግዙ። ዋጋውም ነጋዴው ለእስሩ ከሚከፍለው በልጦ፣ ለቀማው ከመጀመሩ በፊት በየቀበሌው ይነገር። ሥር የተቀላቀለበት ጆንያ ሲመጣ፣ አምጪው የሥራ አመራር ኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ ከሚዛኑ ላይ ይመለስ።