የይለፍ ቃሉን የሚቀይረው ማን ነው?



የአይቲ ድጋፍን በራስ ሠራተኛ ማሠራት ይሻላል ወይስ በውል ለሌላ ድርጅት መስጠት? ጥያቄው በቦርድ ስብሰባ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በሰንጠረዥ ነው፤ በአንድ ወገን ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም፣ በሌላው ወገን ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያ። ያነሰው ያሸንፋል። እኔ የማነሣው ሰንጠረዡ የማያሳየውን ነው፦ ለሌላ ከምንሰጠው ውስጥ የትኛው ተራ ሥራ፣ የትኛው ደግሞ ሥልጣን እንደሆነ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ የዳታ ማዕከሎቹን ሥራ ለአይቢኤም ሰጠ። የኮዳክን ያህል ስም ያለው ኩባንያ እንዲህ ያለ ውል ሲፈርም ያዩ ብዙዎች ተከተሉት። በ2002 መጨረሻ ጄፒ ሞርጋን ቼዝ ከዚያው ከአይቢኤም ጋር የ7 ዓመት፣ የ5 ቢሊዮን ዶላር ውል ተዋዋለ፤ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችም ወደ አይቢኤም እንዲዛወሩ ተደረገ። በ2004 ግን ባንኩ ከባንክ ዋን ጋር ተዋሐደ፤ ቴክኖሎጂውን በራሱ እጅ ማድረግ እንደሚሻለው ወሰነና ውሉን ሁለት ዓመት ሳይሞላው አቋረጠ፤ ሰዎቹንም መለሰ። ይህን ማድረግ የቻለው አቅሙ ግዙፍ ስለሆነ ነው። መካከለኛ ድርጅት ባለሙያዎቹን አንዴ ከበተነ በኋላ ልመልስ ቢል ከየት ያመጣቸዋል?

ይህን ስል በራስ ሠራተኛ ማሠራትን እያሞገስኩ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ መሥሪያ ቤት «አይቲው» የሚባል አንድ ልጅ አለ። ፕሪንተር ሲያስቸግር፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ አልከፍት ሲል፣ የደጁ ካሜራ ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚጠራው እሱ ነው። የሰርቨሩ ይለፍ ቃል እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ባክአፑ የት እንዳለ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን የተሻለ ደመወዝ ያገኝና ይሄዳል። አለቆቹ ሥራውን በቤታችን ይዘናል ይሉ ነበር። እንደ እኔ ግምት ግን ይህ ያለ ውል፣ ያለ ዋስትና፣ ሁሉን ለአንድ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። ሃያ ሠራተኛ ያለው አስመጪ ድርጅት ኬብል መዘርጋቱን፣ የኮምፒውተር ጥገናውን፣ ሌሊት ኔትወርክ መከታተሉን ለሌላ ቢሰጥ አያስወቅሰውም፤ እንዲያውም ያተርፋል።

የምንሳሳተው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሰርቨሩ ከባድ ነገር ነውና ከቤት ይቅር እንላለን። ስልክ አንሥቶ «ፓስወርዴ ጠፋብኝ» የሚለውን ሰው ማስተናገድ ግን ማንም የሚሠራው ቀላል ሥራ ይመስለንና በርካሽ ለሌላ እንሰጣለን። አጥቂዎች ደግሞ የሚፈልጉት ይኼንኑ ነው። ሰርቨር ሰብሮ መግባት ድካም አለው፤ ደውሎ መጠየቅ ግን የስልክ ሒሳብ ብቻ ነው የሚያስወጣው።

የበረኪና አምራቹን ክሎሮክስን ተመልከቱ። ኩባንያው በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ከባድ የሳይበር ጥቃት ደረሰበት። በ2025 ካሊፎርኒያ ውስጥ በመሠረተው ክስ እንደሚለው፣ አጥቂው የክሎሮክስ ሠራተኛ መስሎ፣ የአይቲ አገልግሎት ሰጪው ኮግኒዛንት ወደሚያንቀሳቅሰው የድጋፍ መስመር ደወለ፤ ስልኩን ያነሣውም ሰው ማንነቱን ሳያጣራ የይለፍ ቃል ሰጠው። ክሎሮክስ ደረሰብኝ የሚለው ጉዳት ወደ 380 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኮግኒዛንት ክሱን አይቀበልም፤ የተቀጠርኩት ለተወሰነ የድጋፍ አገልግሎት እንጂ የክሎሮክስን የሳይበር ደኅንነት ለመጠበቅ አይደለም ይላል። ማን እንደሚረታ የዳኞች ጉዳይ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ አንዱ ጥበቃውንም ገዝቻለሁ ሲል ሌላው እሱን አልሸጥኩም ማለቱ ነው። ለዓመታት አብረው ሲሠሩ ይህን ጥያቄ አንሥተው መልሱን በግልጽ አስፍረውት ቢሆን ኖሮ፣ ፍርድ ቤት ቆመው ባልተከራከሩበት ነበር።

በቅርብ የሚሠራ ሰው ያለው ብልጫ እዚህ ላይ ይታያል። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ እሑድ ማታ ደውለው የይለፍ ቃል ቢጠይቁ፣ ፎቁን አብሯቸው የሚወጣው ልጅ «እትዬ፣ ደግሞ በሰንበት ምን ሥራ መጣ?» ማለቱ አይቀርም። ድምፃቸውንም ያውቀዋል። ሺህ ሠራተኛ ባለበት ግን እሱም ሁሉን አያውቅም፤ ስለዚህ በትውውቅ ብቻ መተማመን አይበቃም። ደዋዩ በተመዘገበው ስልኩ መልሶ ሊደወልለት፣ ሰፊ ሥልጣን ያለው አካውንት ከሆነም የክፍሉ ኃላፊ ፈቃድ ሊጠየቅ ይገባል። ድጋፍ ሰጪው የማንም ተቀጣሪ ቢሆን፣ ይህን ሥርዓት የሚያወጣውና የሚቆጣጠረው የድርጅቱ የራሱ ሰው መሆን አለበት።

ውል የምትፈርሙም፣ የዶሜይን ስሙ በድርጅታችሁ ስም መመዝገቡን አረጋግጡ፤ በአገልግሎት ሰጪው ስም ከተመዘገበ፣ ውሉ ሲያልቅ ድረ ገጹና ኢሜይሉ የጭቅጭቅ ምንጭ ይሆናሉ። ዋናዎቹ የይለፍ ቃሎች በእናንተ ካዝናም ይቀመጡ። ስንለያይ ርክክቡ በስንት ቀን ይፈጸማል የሚለው፣ ገና ሳትጣሉ፣ ዛሬ ይጻፍ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሙከራ እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። ቦርዱ ፈቅዶ፣ ሠራተኞች ሳይነገራቸው፣ አንድ የማይታወቅ ሰው ለድጋፍ መስመራችሁ ይደውልና የሥራ አስኪያጁ የይለፍ ቃል እንዲቀየርለት ይጠይቅ። ከተሰጠው፣ የዋጋ ሰንጠረዡ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ።