የትራክተርን የኋላ ጎማ ስለ ማክበድ፤ የትኛውን ፈሳሽ እንምረጥ?

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የልማት ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ትራክተር ለአንድ አጥቢያ ትልቅ ንብረት ነው። ከምእመናን መባና ስጦታ በተጠራቀመ ገንዘብ የሚገዛ እንደ መሆኑ አያያዙም የአደራ ጉዳይ ነው። ዛሬ የማቀርበው ስለ ሞተሩ ወይም ስለ ማረሻው ሳይሆን፣ ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ ለሹፌሩ ብቻ ስለሚተዉት አንድ ውሳኔ ነው፤ ይኸውም ክብደት እንዲጨምር በኋላ ጎማ ውስጥ ስለሚሞላው ፈሳሽ ነው።

ጉዳዩ የሚነሣው በክረምት መግቢያ ነው። ዝናብ በጠጣ ጥቁር መሬት ላይ ማረሻው ሲወርድ የኋላው ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል። ነዳጁ ይቃጠላል፣ ጎማው ያልቃል፣ እርሻው ግን አይገፋም። ያን ጊዜ «ጎማውን አክብዱት» የሚል ምክር ይመጣል። ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ይቀድሙታል። በእርግጥ ክብደት ያስፈልገዋልን? ካስፈለገውስ በምን ይክበድ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው ግምት ሳይሆን ልኬት ነው። በኋላው ጎማ ጎን ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ማረሻው ተነሥቶ ትራክተሩ በማሳው ላይ ሲሄድ፣ ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር የተጓዘውን ርቀት ለኩ። ቀጥሎም ማረሻው በተለመደው ጥልቀት እያረሰ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር እንደገና ለኩ። ለምሳሌ ሳያርስ 46 ሜትር፣ ሲያርስ ደግሞ 40 ሜትር ቢጓዝ፣ መንሸራተቱ 13 በመቶ ያህል ነው። 36 ሜትር ብቻ ቢጓዝ ግን 22 በመቶ ገደማ ደርሷል። በኋላ እግሩ ብቻ ለሚነዳ ትራክተር በእርሻ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መንሸራተት ተገቢ ነው። ከ8 በመቶ በታች ከሆነ ትራክተሩ ከሚገባው በላይ ከብዷል፤ ነዳጅ ያባክናል፣ ማርሹን ያደክማል፣ አፈሩንም ይጠቀጥቃል። መንሸራተቱ ከ15 በመቶ ካለፈም አስቀድሞ የጎማው ጥርስ አልቆ እንደ ሆነ፣ ነፋሱ ከልክ በላይ እንደ ሆነ፣ ማረሻውም አለቅጥ ጠልቆ እንደ ሆነ ይታይ። እነዚህ ተስተካክለው ችግሩ ካልተወገደ ክብደት ያስፈልጋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። በአገራችን በብዛት በሚታየው ባለ 18.4-30 ጎማ ውስጥ ሦስት አራተኛው ቢሞላ ወደ 350 ሊትር ይይዛል። ፈሳሹ ውሃ ከሆነ ሁለቱ ጎማዎች 700 ኪሎ ግራም ያህል ይጨምራሉ። ለአብዛኛው የእርሻ ሥራ ይህ በቂ ነው።

በብርድ አገሮች ገበሬዎች ውሃ ብቻውን አይሞሉም፤ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ ጎማውን ያበላሸዋልና። ስለዚህ ካልሲየም ክሎራይድ የተባለውን ጨው በውሃ አሟሙተው ይሞላሉ። ይህ ድብልቅ በኃይለኛ ብርድም አይረጋም፤ ክብደቱም ከንጹሕ ውሃ በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ጉዳቱ ግን ብረት መብላቱ ነው። ካላማዳሪው ቢበሳ ወይም በቫልቩ በኩል ቢያንጠባጥብ ቸርኬውን እየበላ ይጨርሰዋል፤ የፈሰሰበት መሬትም ቡቃያ ያደርቃል። ለመኪና ራዲያተር የሚውለው ኤቲሊን ግላይኮል ደግሞ ብርድን ቢቋቋምም መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ የፈሰሰውን የላሰ ውሻ ወይም ከብት ሊሞት ይችላል። ከብት በሚውልበት፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ሊገባ አይገባውም።

ለእኛ ንጹሕ ውሃ ይበልጣል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋማ ስፍራዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ሆኖም ቀን ፀሐይ ስለሚወጣ የአንድ ሌሊት ውርጭ 350 ሊትር ውሃ ጨርሶ ለማርጋት አይበቃም። በዚያ ወራት ትራክተሩን በመጠለያ ማሳደር በቂ ጥንቃቄ ነው። ጨዋማ ወይም ደለል ያለበት ውሃ ግን አይሞላ፤ ጨዉ ብረት ይበላል፣ ደለሉም ቫልቩን ይደፍናል።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ወይም በግንድ ይታገዱ። የሚሞላው ጎማ በክሪክ ተነሥቶ ትራክተሩ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ቫልቩ ወደ ላይ እንዲሆን ጎማው ይዙር፤ ውሃው ቫልቩ ጋ ሲደርስ ይቁም፤ ቀሪው ቦታ በመመሪያው ልክ ነፋስ ይሞላ። ውሃ ስለማይጨመቅ ጎማውን ሙሉ በሙሉ መሙላት መንጠሩን ያጠፋበታል።

ከውሳኔው በፊት ሦስት ነገሮች ይታወቁ። አንደኛ፣ የጎማው ውሃ የሚያርፈው በኋላ አክስል ላይ ብቻ ነው። ከባድ ማረሻ ሲነሣ ፊቱ ቀልሎ መሪው እንዳይስት የሚያደርገው ከፊት የሚታሰር የብረት ክብደት እንጂ የጎማው ውሃ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጎማው መሬቱን በያዘ መጠን ትራክተሩ ወደ ኋላ የመገልበጡ አደጋ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጉቶም ሆነ የተቀረቀረ መኪና ሲጎተት ገመዱ ከታችኛው መጎተቻ እንጂ ከዚያ በላይ አይታሰር። ሦስተኛ፣ ትራክተሩ በበጋ በአብዛኛው ተጎታች ይዞ በመንገድ የሚመላለስ ከሆነ፣ ለእርሻ ወራት የተጨመረውን 700 ኪሎ ዓመቱን ሁሉ ይሸከማል። እንዲህ ላለው አጥቢያ በቸርኬው ላይ በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ የብረት ክብደት ይሻላል።

በመጨረሻም ኮሚቴው የወሰነውን በቃለ ጉባኤ ያስፍር፤ በትራክተሩ መዝገብም «በዚህ ጎማ ውስጥ ይህ ፈሳሽ፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ ቀን ተሞልቷል» ተብሎ ይጻፍ። ሹፌር ይለወጣል፣ ኮሚቴም ይለወጣል። ሳያውቅ ጎማውን የሚፈታ ጎሚስታ ግን 350 ኪሎ የተጨመረበት ጎማ ሊወድቅበት ይችላል። አንዲት መስመር ጽሑፍ ከዚህ ትጠብቀዋለች።