ተኝተን ሳለ ውሃው የት ሄደ?

የዛሬ ቃላት፦ ቧንቧ፣ ቆጣሪ፣ ሊትር፣ ጎሚኒ

ደብተርና እርሳስ አጠገባችሁ አድርጉ። ባለፈው ጊዜ መደመርና መቀነስ ተምረናል። ዛሬ በዚያ ትምህርት እንሠራበታለን። የምንነጋገረው በግቢያችን ሳናውቀው ስለሚፈስ ውሃ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ እኔ የምኖርበት ግቢ አምስት ቤተሰብ አለበት። ቧንቧው አንድ፣ ቆጣሪውም አንድ ነው። የውሃ ሒሳብ ሲመጣ ለአምስት እንካፈላለን። በ2014 ዓ.ም. በጋ ላይ ሒሳቡ በድንገት እጥፍ ሆነ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ባሰ። ሰው ተናደደ። ጣት ሁሉ ወደ አንዲት እናት ተቀሰረ። እኚህ እናት የሰው ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው። «ውሃውን የሚጨርሱት እሳቸው ናቸው። ግማሹን ይክፈሉ፤ አለዚያ ከቧንቧው አይቅዱ» ተባለ። ከፈሉም። ሒሳቡን የማካፍለው እኔ መምህሩ ነበርኩ። ቆጣሪውን እንኳ ሳላይ ዝም አልኩ።

እኚህ እናት በዚያ ዓመት ማታ ማታ ፊደልና ቁጥር ይማሩ ነበር። አንድ ምሽት፣ ሰው ሁሉ ቀድቶ ሲጨርስ፣ ባትሪ ይዘው ወደ ቆጣሪው ሄዱ። ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ጥቁሩ ቁጥር 412፣ ቀዩ 350 ነበር። ንጋት ላይ፣ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት፣ ተመልሰው አዩ። ጥቁሩ 412 እንዳለ ነው። ቀዩ ግን 630 ሆኗል። ቀነሱት። 630 ሲቀነስ 350፣ 280 ነው። ደብተሩን ይዘው መጡና፣ «መምህር፣ ሁላችንም ተኝተን ሳለ 280 ሊትር ውሃ ማን ጠጣው?» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

280 ሊትር ማለት፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 14 ጀሪካን ነው። በአንድ ሌሊት!

ግቢውን ዞረን ፈለግን። ምድሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ ከአንዱ ቤት ግድግዳ ሥር ሣሩ ለምልሟል። የግድግዳው ጭቃ ከታች ረጥቦ መፈርፈር ጀምሯል። ብንቆፍር፣ የብረቱ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ዝጎ ተበልቷል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ የቤቱ እንጨት ይበሰብስ ነበር። ቧንቧው ተለወጠ። እኚያን እናትም ይቅርታ ጠየቅናቸው። ያላግባብ የከፈሉትንም መለስንላቸው።

እንግዲህ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉ። ሮቶ ያላችሁ፣ ወደ ሮቶው የሚገባውንም ዝጉ። የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ጠዋት እንደገና ጻፉና ቀንሱ። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ይቆጥራሉ። 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ካልተለወጠ ደህና ነው። ከተለወጠ የሚያፈስ ቦታ አለ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ፣ ውሃው ባለበት ሌሊት ሞክሩ። ቆጣሪውን ግን አትፍቱ፤ ማሸጊያውንም አትንኩ። ውሃው የሚያፈሰው ከቆጣሪው በፊት፣ በመንገድ በኩል ከሆነ፣ ለውሃ መሥሪያ ቤቱ አመልክቱ።

ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧስ? «ጠብታ ምን ያደርጋል?» አትበሉ። ከሥሩ ዕቃ አስቀምጡ። በአንድ ሰዓት 1 ሊትር ቢሞላ፣ በቀን 24 ሊትር ነው። በ30 ቀን 720 ሊትር፣ ማለትም 36 ጀሪካን ይሆናል።

እየተሽከረከረ የሚከፈት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ብዙ ጊዜ ያለቀው ጎሚኒው ነው። ጎሚኒ በውስጡ ያለው ትንሽ ክብ ላስቲክ ነው። መጀመሪያ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። የቧንቧውን ራስ በመፍቻ ፍቱ። አሮጌውን ጎሚኒ አውጡና ወደ ሱቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ልኩ እንዳይሳሳት። አዲሱን አግቡና መልሳችሁ ግጠሙ። ቧንቧ ስትዘጉ በጉልበት አታጥብቁ። ጎሚኒውን ቶሎ የሚጨርሰው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ቆሻሻም ይገባበታል። ውሃው ሲቋረጥ ቧንቧው ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ በዙሪያው ያለው ጭቃና የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ውሃው ሲመለስ ያን ልጆቻችን ይጠጡታል፤ ተቅማጥም ይይዛቸዋል። ከለገዳዲ ግድብ ተጣርቶና መድኃኒት ተጨምሮበት የመጣ ውሃ፣ ደጃችን ላይ ተበከለ ማለት ነው። ስለዚህ የሚያፈስ ቧንቧ ዛሬ ነገ አይባልም።

አሁን ለደብተራችሁ ሦስት ጥያቄዎች፦

1. ማታ ቀዩ ቁጥር 120፣ ጠዋት 200 ቢሆን፣ ስንት ሊትር ፈሰሰ?
2. ይህ ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል?
3. የእናንተ ቆጣሪ ዛሬ ማታ ስንት ይላል?

ሦስተኛውን መልስ እኔ አላውቀውም። ሄዳችሁ አንብቡት። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ፣ ደህና እደሩ።